አይቤ አይሰማም፣ ትንግርት ትቀናለች

ልጆች፣ ጆሯችሁን አዘጋጁ። እጃችሁንም አዘጋጁ፤ ይህ ታሪክ እጅም ይፈልጋል።

ትንግርት የምትባል ልጅ ነበረች። ከእናቷና ከአባቷ ጋር፣ ትልቅ የቆርቆሮ በር ባለው ግቢ ውስጥ ትኖር ነበር።

አባዬ የትንግርት ነበር። ትከሻው የትንግርት፣ ጉልበቱ የትንግርት፣ ከሥራ ሲመጣ የሚስቀው ሳቅም የትንግርት።

አንድ ቀን አባዬ ሲመጣ ጃኬቱ አብጧል። ደግሞም ይንቀሳቀሳል!

ከጃኬቱ ውስጥ ትንሽ ነጭ ራስ ብቅ አለ። ከዚያ ሮዝ አፍንጫ። ከዚያ ምላስ፤ የአባዬን አገጭ ላስ አደረገው።

«ቡችላ!» ብላ ጮኸች ትንግርት። በጣም ደስ አላት። ያኔ ገና አልቀናችም።

ቡችላው እንደ አይብ ነጭ ስለሆነ፣ ስሙን አይቤ አሉት።

አይቤ ግን ሲጠሩት አይመጣም። «አይቤ!» ዝም። «አይቤ፣ ና!» ዝም። የራሱን ጭራ ለመያዝ ዙሪያውን ይሽከረከራል።

አንድ ጠዋት እማዬ ትልቁን የድስት ክዳን ጣለችው። «ኳ! ኳ! ኳንንን!»

ዶሮዎቹ በረሩ። ትንግርት ዘለለች። አይቤ እዚያው ክዳኑ አጠገብ ተኝቶ ያንኮራፋል።

«ውይ የኔ ጌታ!» አለች እማዬ። «ይሄ ቡችላ አይሰማም እኮ!»

«ጆሮው ባይሰማ ዓይኑ ያያል» አለ አባዬ። «በእጄ አስተምረዋለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ትምህርት ተጀመረ። አባዬ መጀመሪያ የሳሎኑን የጣውላ ወለል በእግሩ ይመታል። «ድም! ድም!» ጣውላው ሲንቀጠቀጥ አይቤ ዞር ይላል።

ከዚያ አባዬ እጁን ያሳየዋል። መዳፍ ወደ ታች፣ ጣት እጥፍ፣ ዘርጋ! እጥፍ፣ ዘርጋ! «ና» ማለት ነው። እስቲ እናንተም ሞክሩት።

ደግሞ መዳፍ ወደ ፊት፣ ቀጥ! «ቁም» ማለት ነው። ይህንንም ሞክሩት። ጎበዞች!

አይቤ ሲሳካለት አባዬ ቁራሽ ዳቦ ያጎርሰዋል። በሁለት እጁም አንገቱን እሽት እሽት ያደርገዋል።

ትንግርት ጥግ ላይ ቆማ ታያለች። «እኔስ?» አለች።

«ቆይ የኔ እመቤት፣ አይቤ ትምህርት ላይ ነው» አለ አባዬ።

ከእራት በኋላ ትንግርት ወደ አባዬ ጉልበት ሮጠች። ጉልበቱ ላይ ሰው አለ። ሰው እንኳ አይደለም፤ አይቤ ነው።

«እኔስ?» አለች ትንግርት።

«ቀስ በይ፣ አሁን ነው የተኛው» አለ አባዬ።

የትንግርት ሆድ ውስጥ አንድ ነገር ቃጠል አደረጋት። በርበሬ አልበላችም። ቅናት ነው።

በማግስቱ ትንግርት አንድ መላ አገኘች። ከአይቤ ጎን በአራት እግሯ ተንበረከከች።

አባዬ መዳፉን ቀጥ ሲያደርግ እሷም ቆመች። ጣቱን እጥፍ፣ ዘርጋ ሲያደርግ እሷም እየዳኸች መጣች። ከዚያ አፏን በሰፊው ከፈተች። «ኣኣኣ!»

አባዬ ሳቀ። «አንቺ ደግሞ! አንቺማ ትሰሚያለሽ እኮ!» አለና ዳቦውን ለአይቤ አጎረሰው።

«መስማት ምን ያደርጋል!» አለች ትንግርት። ሁለት ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

ጆሮዋን ደፍናም ቀናች።

አንድ ቅዳሜ አባዬ ጫማውን አጠለቀ። «የአይቤ ዳቦ አልቋል፤ ሱቅ ደርሼ መጣሁ» አለ። እማዬ ጓሮ ልብስ ታጥባለች።

የአይቤ ዳቦ! ትንግርት አኮረፈች። ከንፈሯ አንድ ክንድ ሆነ።

አይቤ ግን ኩርፊያ አያውቅም። ጭራውን እየቆላ ወደ እሷ ተጠጋ።

«ሂድ! ሂድ ከዚህ! እሽ!» አለች ትንግርት። ዶሮ እንደምታባርር እጇን አወራጨችበት።

አይቤ ድምጿን አልሰማም፤ እጇን አየ። የትንግርት ጣቶች እጥፍ፣ ዘርጋ! እጥፍ፣ ዘርጋ! ይላሉ። አይቤ ደስ ብሎት መጣ።

«ሂድ አልኩህ እኮ!» እጥፍ፣ ዘርጋ! እጥፍ፣ ዘርጋ! አይቤ ይበልጥ መጣ። እግሯ ላይ ወጥቶ ጫማዋን ላሰ።

«ሲናገሩህ አትሰማም?» ብላ ጮኸች። አዎ፣ አይሰማም። እሷም ታውቃለች፤ ግን ተናዳለች።

ትንግርት ወደ ቆርቆሮው በር ሄደች። መቀርቀሪያውን ሳበችው። «ሲጥጥጥ!»

በሩ ተከፈተ። ውጭ አንዲት ቢጫ ቢራቢሮ ትበራለች። አይቤ ቢራቢሮዋን ተከትሎ ወጣ።

«እሰይ!» አለች ትንግርት። «አሁን አባዬ የኔ ብቻ ነው።»

ሄዳ የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ግቢው ጭር አለ።

ከዚያ ከመንገዱ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። «ቲጥ! ቲጥ!» ባጃጅ ነው።

ትንግርት ሰማችው። አይቤስ? አይቤ ይህን ድምፅ አይሰማም።

ልቧ ድው! ድው! አለ። ብድግ ብላ ሮጠች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች፤ ትንግርት መንገድ ብቻዋን አትሻገርም።

አይቤ ከመንገዱ ማዶ ነው። ጀርባውን ሰጥቶ አንድ ድንጋይ ያሸታል።

«አይቤ!» ብላ ጮኸች። አልዞረም።

መሬቱን በእግሯ መታች። «ድም! ድም!» መሬቱ ግን ጣውላ አይደለም። ንቅጥቃጤው አይቤ ጋ አልደረሰም።

አባዬ ከሱቅ ሲመለስ ከሩቅ አያቸው። ዳቦውን ጥሎ ሮጠ። ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

«እየኝ» አለች ትንግርት በለሆሳስ። «እባክህ አይቤ፣ እየኝ።»

አይቤ ዞር አለ። ትንግርትን አያት። ጭራው ተወዛወዘ፤ ወደ እሷ ሊሮጥ ተነሳ።

«ቲጥ! ቲጥ! ቲጥ!» ባጃጁ ደረሰ!

ትንግርት እጇን አነሳች። መዳፍ ወደ ፊት፣ ቀጥ!

አይቤ ቆመ። አንዱን እግሩን እንዳነሳ፣ መንገዱ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ባጃጁ «ቱርርርር» ብሎ በፊቱ አለፈ። አቧራው ሁለቱንም ሸፈናቸው።

አቧራው ቀስ ብሎ ጠራ። የትንግርት መዳፍ አሁንም ወደ ፊት ቀጥ እንዳለ ነው። አይቤም አሁንም ቆሟል።

ትንግርት ወደ ግራ አየች። ወደ ቀኝ አየች። ምንም የሚመጣ የለም።

መዳፍ ወደ ታች፣ ጣት እጥፍ፣ ዘርጋ! እጥፍ፣ ዘርጋ!

አይቤ በረረ። እቅፏ ውስጥ ዘሎ ገባ። ትንግርት ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ይቅርታ» አለችው። ይህንን አልሰማም። ስለዚህ ራሱን ዳበሰችው፤ እሱም አፍንጫዋን ላሳት።

አባዬ እያለከለከ ደረሰ። አይቤን አየ። ትንግርትን አየ። የተከፈተውን በር አየ።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለ።

ትንግርት «ነፋስ» ልትል አፏን ከፈተች። ነፋስ ግን አልነበረም። አፏን መልሳ ዘጋችው።

«እኔ ነኝ» አለች። «እንዲሄድ ፈልጌ ነው።»

«ለምን?»

«ቀንቼ» አለች ትንግርት እያለቀሰች። «አንተ የኔ ነበርክ። አሁን የአይቤ ብቻ ሆንክ።»

አባዬ በሩን ዘጋ። «ሁለተኛ እንዳይለምድሽ፤ በጣም ደንግጫለሁ» አለ። ከዚያ እሷንም አይቤንም አንድ ላይ አቅፎ ወደ ቤት አስገባቸው።

ሲመሽ ትንግርት አልጋዋ ውስጥ ገባች። አባዬ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ትንግርትዬ» አለ፤ «ለአይቤ እወድሃለሁ ብዬ ብነግረው አይሰማም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በእጄ እነግረዋለሁ።»

ትንግርት ወደ እሱ ዞረች።

«አንቺ ግን ትሰሚያለሽ። ለምትሰማዋ ልጄ፣ ታውቀዋለች ብዬ፣ መንገሩን ረሳሁት» አለ አባዬ። «ያጠፋሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገራት።

አይቤ አልሰማም። እማዬም ከወዲያኛው ክፍል አልሰማችም። እኛም አልሰማንም።

ትንግርት ግን ሰማች። ትራሷ ላይ እንደተኛች ፈገግ አለች።

«አባዬ፣ ድገመው» አለች።

አባዬ ደገመው።

«አሁንም ድገመው።»

አሁንም ደገመው። ትንግርት እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ፣ ቀስ እያለ፣ ደጋገመው።