የልጄን እግር ዓይኔ ያውቀዋል

«ቆዳ ነው፣ ይለጠጣል» አለ ጫማ ሰሪው፣ የደንበኛዋን ሴት ልጅ ተረከዝ ተሰርቶ ወደተቀመጠ ጫማ በጫማ ማንኪያ እየገፋ። የአሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ከንፈሯን ነከሰች።

ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣ ክር የምትቆርጠው የገዛ ልጁ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ይለጠጣል! ይቺን ቃል እሷም ስንት ዓመት ሰምታታለች። ትናንት ጤና ጣቢያ ባትሄድ ኖሮ ዛሬም ቃሉን አምና በተቀመጠች ነበር።

ከግራ እግሯ አውራ ጣት ቀጥሎ ያለው ጣት መሃሉ ላይ ታጥፎ ጉብ ብሏል። ጉብታውን ጫማ እየፈገፈገው ቆዳው ደድሯል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ስትሮጥ ታነክሳለች። የክፍሏ ልጆች «መዶሻ» የሚል ስም አውጥተውላታል። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ አልሳቀችም፤ እውነትም መዶሻ ጣት ነው የሚባለው አለቻት። ፊቱ ጠባብ የሆነ ጫማ ጣትን አጥፎ እንደሚይዝ፣ ጅማቱም ውሎ አድሮ መታጠፉን እንደሚለምድ አስረዳቻት። ከዚያ ጣቷን ገፋ ስታደርገው ተዘረጋ።

«ዕድለኛ ነሽ፣ ገና አልደረቀም» አለቻት። ፊቱ ሰፊ ጫማ ታድርግ፣ ጣቷን በየቀኑ በእጇ እየሳበች ትዘርጋው፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ፎጣም በእግር ጣቶቿ እየሰበሰበች ታለማምደው። ከደረቀ ግን ያለ ቀዶ ጥገና አይቃናም። ጫማውን ከየት እንደገዛችው ስትጠይቃት «ከገበያ» ብላ ዋሸች። የገዛ አባቷን ለሐኪም እንዴት አሳልፋ ትስጥ?

ማታ ለአባቷ ስትነግረው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሐኪም መርፌውን ይውጋ፣ ስለ ጫማ ማን ጠየቀው አለ። ማንም ደንበኛ ጫማ ሲያዝዘው እግሩን ካርቶን ላይ አስቁሞ በእርሳስ ይስላል። የሷን ግን ከአምስተኛ ክፍል ወዲህ አንድም ቀን ለክቶት አያውቅም። «የልጄን እግር ዓይኔ ያውቀዋል» ይላል፣ በኩራት። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ዛሬም ጫማ በሚወጠርበት በዚያው ሹል የእንጨት ፎርማ ይሰራላታል፤ እግሯ ሲያድግ እንጨቱ መቼ አደገ?

አሁን ደግሞ ይቺ ትንሽ ልጅ። እናትየዋ ያመነታች ትመስላለች። አባቷ ይህን አየና ወደ ገዛ ልጁ ዞረ።

«ይኸው፣ የኔም ልጅ በዚሁ ፎርማ ነው ያደገችው። ንገሪያቸው እስቲ፣ ጎድቶሽ ያውቃል?»

አንድ «የለም» ብትል ነገሩ ያልቃል። ጫማው ይሸጣል፣ አባቷ ይስቃል፣ ቤት ሰላም ይሆናል። ትንሿ ልጅ ግን ዓይኗን ተክላባታለች። አቦ፣ እንዴት ነው ይቺን እያዩ የሚዋሸው? ተነሳች። የግራ ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋንም ጨምራ።

«አይለጠጥም፣ አባዬ። የሚታጠፈው እግሯ ነው።»

ሴትየዋ የታጠፈውን ጣት አየች። ጫማውን ከልጇ እግር አወለቀችና «ሌላ ቀን እንመለሳለን» ብላ ይዛት ወጣች። የማይመለስ ሰው እንዲህ ነው የሚለው።

የአባቷ ፊት በርበሬ መሰለ። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለ፣ ጥርሱን ነክሶ።

«አዎ፣ አዋረድኩህ። አንተስ?» ማልቀሷ ራሱ አናደዳት። «አላፊ አግዳሚውን ሁሉ ስትለካ እኔን አንድ ቀን እንኳ አልለካኸኝም። ቤት ውስጥ ካልሲ የማላወልቀው አይተህ እንዳይከፋህ ብዬ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሳትለካኝ የሰራኸውን ጫማ አላደርግም። በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝም የጫማ ሰሪው ብዬ እናገራለሁ።»

የአባቷ ዓይን ጣቷ ላይ ወደቀ።

ከጥግ ካርቶን አምጥታ መሬት ላይ ዘረጋችና ባዶ እግሯን አቆመችበት። እርሳሱን ወደሱ ዘረጋች። ጠበቀችው።

አልተቀበላትም። ጎንበስ አለችና ከተረከዟ ጀምራ ራሷ መሳል ያዘች።