የምሳ ሰዓት ደረጃ

ሲፈን ሳንድተን በተባለው የንግድ ሰፈር በሚገኝ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ነው የምትውለው። መሥሪያ ቤቱ በሐምሌ፣ በዚያ አካባቢ ብርዱ በሚበረታበት ወር፣ ፈቃደኛ ሠራተኞችን ጎረቤት አገር ሌሶቶ ተራራ ላይ የበረዶ ሸርተቴ ሊያጫውት መሆኑን ሲያስታውቅ ከሁሉ ቀድማ ተመዘገበች። ችግሩ ጉልበቷ ነበር፤ ሦስት ፎቅ ስትወጣ ይንቀጠቀጣል።

በሚያዝያ፣ በምሳ ሰዓት፣ የሕንጻውን ደረጃ መውጣት ጀመረች። በሁለተኛው ቀን ስድስተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ «ወይኔ ጉልበቴ» ስትል አንድ ወጣት ከላይ እየወረደ ሰማት።

«አሞሽ ነው?» አላት በአማርኛ።

«አላመመኝም። ለበረዶ ሸርተቴ እየተዘጋጀሁ ነው።»

ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እንግዲያው አብሬሽ ልውጣ።»

አጵሎስ ይባላል። እዚያው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል፤ አባቱ ኦሬንጅ ፋርም በተባለ ሰፈር ሱቅ አላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አብረው ወጡ። ጫፍ ሲደርሱ ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ጉልበታቸውን አጥፈው ይቆያሉ፤ እሱ ይቆጥራል። አንዳንዴ ዓይናቸው ሲገጣጠም ቁጥሩ ይጠፋበታል። እሷም ስንት ላይ እንደደረሰ አትነግረውም።

የተጓዦቹ ዝርዝር ሲለጠፍ፣ አብሯት የሚሄድ የመሰላት የአጵሎስ ስም አልነበረም።

«ሦስት ወር ሙሉ ስታሾፍብኝ ነበር?» አለችው።

አቀረቀረ። «የያዝኩት የጥገኝነት ወረቀት ነው። ድንበር ከተሻገርኩ መመለሴን እንጃ። ልነግርሽ አፈርኩ።»

«ታዲያ ለምን ስትወጣ ከረምክ?»

«አንቺ ስለምትወጪ።»

«እኔም እቀራለሁ» አለችው።

«አትቀሪም። ይህን ሁሉ የለፋሽበት ነው። ሄደሽ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ።»

ሄደች። አራት ጊዜ ወደቀች። በአምስተኛው እግሯ ጸና፤ ነፋሱ ፊቷን እየገረፋት እስከ ታች ተንሸራተተች። ዞር ብላ ስታይ የምትነግረው ሰው አጠገቧ አልነበረም። የምትፈልገውን ያወቀችው ያኔ ነው።

በተመለሰች በሳምንቱ ትሮይቪል ሰፈር እናቷ ቤት ለምሳ ወሰደችው። ወይዘሮ ጽጌሬዳ ወጣትነታቸውን ወረቀት ፍለጋ የጨረሱ ሴት ናቸው፤ ልጃቸው ያንን እንድትደግም አይፈልጉም። ገና ሳይበሉ ጠየቁት።

«የመኖሪያ ወረቀትህስ?»

ሲፈን ጠረጴዛው ላይ የአጵሎስን እጅ ያዘች።

«እየጠበቅን ነው፣ እማ» አለች።

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። ከዚያ የአጵሎስን ሰሃን ተቀብለው ወጥ ጨመሩለት።

«እንግዲህ ጠብቁ» አሉ።