በሰዓቱ ክዳን ላይ ያለችው ሴት

«ያንን ሰዓት ሊያድሱ የሞከሩ ሦስት ሰዎች ዛሬ የሚበሉት ገንፎ ብቻ ነው» ይል ነበር ልብስ ሰፊው ነስረዲን፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ከወይኒቱ ሱቅ ጎን የስፌት መኪናውን እየረገጠ። ሰኞ ነገራት፤ ማክሰኞ ደገመላት፤ ረቡዕ ደግሞ ገንፎው ላይ ቅቤ ጨምሮበት መጣ።

«ገንፎ ካማረህ ሚስትህን ጠይቅ፤ እኔን ምን ትነዘንዘኛለህ?» አለችው።

ወይኒቱን ማንም አላስተማራትም። በድሮ የኪስ ሰዓቶች ክዳን ላይ የተሳሉ የኢናሜል ሥዕሎችን መጠገን የለመደችው በገዛ እጇ እያበላሸች ነው፤ የቀለሙን ዱቄት መበጥበጥ፣ ዓይን በማያየው ብሩሽ መቀባት፣ ከዚያ ቀልጦ እንደ መስታወት እስኪያበራ በትንሿ ምድጃ ማቃጠል። የብሩሿን ጫፍ ለማሾል በከንፈሮቿ መሃል መጥጣ ታወጣዋለች። ሙያተኛው ሁሉ ሲያደርገው ያየችው ነውና ነውር አለው ብላ አስባ አታውቅም።

ሰዓቱን ያመጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ በከተማው የሰዓት ክዳን በመሳል አቻ ያልነበራቸው የሟቹ የጋሽ ኃይለልዑል ሚስት። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ቃላቸው እንደ ራሰ ዳቦ እየተልፈሰፈሰ ነበር የሚያወሩት። ክዳኑ ላይ ልጅነታቸው ተስሏል፤ ጉንጯ የሞላ፣ አፏን ገርበብ ያደረገች ቆንጆ። የአፏ ውስጥ ግን ተልጦ ጥቁር ጉድጓድ ሆኗል።

«ጥርሷን መልሽላት እንጂ» አሉ፣ አንዲት የነጭ ዱቄት ብልቃጥ እያስቀመጡ። «በባሌ ነጭ ቀለም ብቻ ሥሪው። ከተሳካልሽ የሱ ወርክሾፕ ከነምድጃው ያንቺ ነው።»

የዚያ ወርክሾፕ ባለቤት የሆነችን ሴት ማንም «መምህር የሌላት» ብሎ ሊንቃት አይችልም። ወይኒቱ በዚያኑ ቀን ጀመረች።

ዱቄቱ በዚያ ሁሉ የድሬ ሙቀት ውስጥ እርጥብ ነበር። ሲበጠበጥ የሸተተው ጥርስ ሐኪም ቤት ውስጥ መሰርሰሪያው ሲያቃጥል የሚሸተው ነው፤ ብሩሿን ስትመጥ ደግሞ ምላሷ ላይ የቀረው ጣዕም፣ ሌላ ሰው ሌሊቱን አፉን ዘግቶ አድሮ ጠዋት ሲከፍተው ያለውን እስትንፋስ የዋጠች ያህል ነበር። ተፋች፤ አፏን ተጉመጠመጠች፤ ቀጠለች። ከምድጃው የወጡት ሁለት ጥርሶች እንደ ዕንቁ አበሩ።

በማግስቱ ሱቋን ስትከፍት ጥርሶቹ የሉም። ጉድጓዱ ጥቁር እንደሆነ ነው፣ የሥዕሏ ከንፈር ግን ረጥቧል። በጨርቅ ብትጠርገው ወፈር ያለ፣ ቢጫ ነገር ከጨርቁ ጋር ተስቦ እንደ ልጋግ ተንጠለጠለ። ወይኒቱ ጓሮ ሮጣ ቁርሷን አስመለሰች።

«ገንፎ ልላክልሽ?» አለ ነስረዲን በግድግዳው በኩል።

«ለራስህ አቆየው!» አለችውና ተመልሳ ቁጭ አለች። ሙቀቱ ነው አለች። ቀለሙ ስላልበሰለ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ እየቀባች፣ እየመጠጠች፣ እያቃጠለች ሳምንቱን ገፋች፤ ጥርሶቹም ከሐሙስ ጀምሮ እየቆዩላት መጡ፤ ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት፣ እያንዳንዳቸው ድዳቸው ሥር ቀላ ብለው። የሱቁ አየር ውስጥ የተቃጠለ ጥፍር የሚመስል ሽታ ሰፈረ፤ ዓርብ ጠዋት የነከሰችው ዳቦ በደም ተነክሮ ወጣ፤ ቅዳሜ ማንጎ ስትበላ አንዱ የመንጋጋ ጥርሷ ምንም ሳያማት፣ እንደ ብርቱካን ፍሬ ሾልኮ ምላሷ ላይ ተቀመጠ። መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ከዚያ የነስረዲንን ሳቅ አሰበችና በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አፏን ሳትከፍት ሠራች።

የመጨረሻውን ጥርስ፣ የላይኛውን ግራ፣ ቀጥ አድርጋ ነበር የሳለችው። ከምድጃው ሲወጣ ግን ጎረቤቱ ላይ ጋደል ብሏል። አጉሊ መነጽሯን አውልቃ አበሰችና እንደገና አየችው። ይህን ጥርስ ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በመስታወት ስታየው ኖራለች።

እሑድ ከቀትር በኋላ እትዬ አስካለ መጡ። ሰዓቱን ተቀብለው ክዳኑን ባውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ ነጠላቸውን ከፊታቸው አወረዱና ፈገግ አሉ። ጥርሳቸው ሙሉ ነበር፤ ነጭ፣ የወጣት ጥርስ፣ የላይኛው ግራ ጎረቤቱ ላይ ጋደል ያለ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉ፣ ቃላቸው ጥርት ብሎ። የወርክሾፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ከበሩ እንደወጡ ከሻጭ ላይ ሸንኮራ ተቀብለው በጥርሳቸው ገሸለጡት።

ወይኒቱ ልትሰድባቸው ተነሣች። ምላሷ የነካው ግን ባዶ ድድ ነበር፤ ከአፏ የወጣውም እንደ ራሰ ዳቦ የተልፈሰፈሰ ድምፅ ብቻ። ባዶዋን ብልቃጥ አንሥታ ልትወረውር ስትል፣ ዱቄቱ ሸፍኖት የኖረ ቁራጭ ወረቀት ከብልቃጧ ግርጌ አየች፤ በጋሽ ኃይለልዑል ጥንቁቅ የእጅ ጽሕፈት፦ «በውሃ ብቻ ይነካ፤ ምራቅ ከቀመሰ የማንን ጥርስ እንደሚወስድ ያውቃል።»