ያልተከተበችው ባዝራ

የእንስሳት ሐኪሟ ሜቭ ደንሊቪ በሆስፒታሉ የመስታወት ክፍል ውስጥ ማክሰኞ ጠዋት ዐረፈች። የገደላት ሄንድራ የሚሉት ቫይረስ ነው፤ ከሌሊት ወፍ ወደ ፈረስ፣ ከፈረስ ወደ ሰው የሚሻገር፣ ከያዛቸው ሰዎች ከግማሽ በላዩን ይዞ የሚሄድ። በሽታ ፖሊስ አያስጠራም። ኢንስፔክተር ኢርማ ካሎዌይን ያስጠራት የአንዲት ባዝራ ደም ነው። ሜቭ ያከመቻት ባዝራ በመዝገብ ላይ ሁለት ዙር ተከትባለች፤ ደሟ ግን ክትባት የሚባል ነገር ነክቶት እንደማያውቅ ተናገረ።

ኢርማ ከፈረስ ጋር ነው ያደገችው። ያልተከተበ ፈረስ ሲታመም ሐኪም ከራስ እስከ እግሩ ሳይሸፈን እንደማይጠጋው ታውቃለች። ሜቭ መዝገቡን አምና ባዶ ፊቷን ወደ ባዝራዋ አፍንጫ አስጠግታለች። የዋሻት ማን እንደሆነ መታወቅ ነበረበት።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባዝራዋ ባለቤት ወደ ግሌን ትራስኮት ጋጣ ነው። ግሌን ክትባቱን በየስብሰባው ሲቃወም የኖረ ሽማግሌ ስለሆነ፣ አገሩ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው እሱ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው የመጣሽው፣ አይደል?» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ገና ምንም አላልኩም፣ አቶ ትራስኮት።»

«ዓይንሽ ብሏል። ስሚኝ የኔ እህት፣ ክትባቱን አልወደውም፤ ፈረሶቼን አንገታቸውን አሳብጦብኛል። ሜቭ ግን ‹አንተ ግትር፣ ካላስከተብክ ደጅህን አልረግጥም› አለችኝ። የእሷን ቃል ማን ይገፋል? ሦስቱንም አስከተብኩ። የመርፌውን ሣጥን ከክሊኒኩ ተሸክሜ ያመጣሁትም እኔው ነኝ። ጻፊው።»

«ባዝራዋ ስትታመም ማን አስታመማት?»

«እኔ ነኛ! የአፏን አረፋ በዚህ መዳፌ ነበር የምጠርግላት።»

«የሌሊት ወፍ ከሚሰፍርበት ሾላ ሥር ለምን አሰማሯት?»

«አጥሬው ነበር እኮ። ዋርዊክ ነው ‹ተከትባለች፤ ጥላው ይሻላታል› ያለኝ። አጥሩን ነቀልኩት።»

ዋርዊክ ፔንሄል የሜቭ የአሥራ አምስት ዓመት ባልደረባ ነው፤ እሱም ሐኪም፣ የሌሊት ወፍ አጥኚ። ኢርማ ስታገኘው ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል።

«የክትባቱ ማቀዝቀዣ ይሆናል» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሜቭ አንዳንዴ በሩን ሳትገጥመው ትሄዳለች። ክትባት ሙቀት አይችልም። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና።»

«ባዝራዋ ስትወድቅ የት ነበርክ?»

«ብሪዝበን ከተማ፣ ስብሰባ ላይ። የሰማሁት ስመለስ ነው።»

ሐዘኑ የውሸት አይመስልም። ኢርማ ልታምነው ምንም አልቀራትም ነበር።

የክሊኒኩ ረዳት ብራይዲ ኮለር ደግሞ ከመጠየቋ በፊት ራሷን ከሰሰች።

«መርፌዎቹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የየፈረሱን ስም ጽፌ ማቀዝቀዣው ውስጥ አሳደርኳቸው። ሜቭ በማግስቱ በእጇ ወጋቻቸው። የተሳሳትኩት ነገር ይኖር ይሆን?»

«የማቀዝቀዣው ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔም፣ ሜቭም፣ ዋርዊክም አለን። እሱ ናሙናውን እዚያው ነው የሚያኖረው።»

«ባዝራዋን ነክተሻታል?»

«በባዶ እጄ ፊቷን አጥቤያታለሁ፤ ተከትባለች ብዬ። ሁላችንም እንደዚያ ነበርን። ዋርዊክ ብቻ ነው ገና ሳትታመም እንኳ ማስክና ድርብ ጓንት የሚያደርግላት። ‹ልታገባት ነው እንዴ፣ እንዲህ ተሽሞንሙነህ?› እያልኩ እስቅበት ነበር።»

ኢርማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ወደ ብሪዝበን ደውለሽለት ነበር?»

«አዎ፣ የወደቀች ዕለት። ምነው?»

«ነገ ጠዋት ሁላችሁም እዚሁ ክሊኒክ ተገኙልኝ።»

በማግስቱ ሦስቱ የእንግዳ መቀበያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኢርማ ቆማ ጀመረች።

«ማቀዝቀዣው አልተበላሸም። በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማቀዝቀዣ ወጥቶ ሦስት ፈረስ ተወግቷል። የሁለቱ ደም ክትባቱን በደንብ ይዟል። ሙቀት ቢሆን ሦስቱንም ባበላሸ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው፣ የባዝራዋ ስም ያለበትን መርፌ ብቻ መርጦ፣ ሁለቱንም ዙር ክትባቱን ደፍቶ የጨው ውሃ ሞልቶበታል። መርፌዎቹን ሦስታችሁም ታገኟቸው ነበር። እና ራሴን የጠየቅኩት ሌላ ነገር ነው፤ ባዝራዋ እንዳልተከተበች የሚያውቅ ሰው እንዴት ይቀርባታል? አቶ ትራስኮት አረፋዋን በመዳፋቸው ጠርገዋል። ብራይዲ ፊቷን አጥባለች። አውቆ እንዲህ የሚያደርግ ሞት የጠራው ብቻ ነው።»

ወደ ዋርዊክ ዞረች።

«አንተ ግን ፈርተሃታል። ሌሎቹን ሁለት ፈረሶች ሳይሆን እሷን ብቻ። ትናንት ማታ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን የናሙና ሣጥንህን አስከፈትኩ፤ ሠላሳ አንድ ብልቃጥ ናሙና፣ ሁሉም የእሷ፣ አጥሩ ከተነቀለበት ቀን ጀምሮ። የጤነኛ ፈረስ አፍንጫ በየቀኑ ለናሙና የሚጠረገው ለምንድነው?»

ዋርዊክ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ።

«አሥራ አንድ ዓመት የሌሊት ወፍ ሳሳድድ ኖሬያለሁ» አለ። «በሽታው ፈረስ ላይ ሲያርፍ ከመጀመሪያው ሰዓት ያየ ሰው የለም። አንዲት ፈረስ ብቻ አልኩ። ትኩሳት ሲጀምራት ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ማንም ሳይነካት አስወግዳታለሁ አልኩ።»

«ፈረሴን» አለ ግሌን። «አጥሬን በእጄ አስነቅለህ።»

«ደውዬልህ ነበር እኮ» አለች ብራይዲ። «‹ባዝራዋ ወድቃለች፣ ሜቭ ልታያት ልትሄድ ነው› አልኩህ። ‹መልካም› አልከኝ። ‹ማስክ ታድርግ› ማለት ያቅታል?»

«‹ተከትባ የለ፣ ማስክ ለምን?› ብትይኝ ምን እላለሁ? ሁሉም ነገር ይታወቅብኝ ነበር።»

ኢርማ አንድ ጥያቄ ቀርቷት ነበር። የሆስፒታሉ ሰዎች ሜቭ ከመሞቷ በፊት በነበረው ምሽት ዋርዊክን ብቻ እንዳስጠራች ነግረዋታል።

«በመስታወቱ በኩል ምን አለችህ?»

ዋርዊክ ቀና ሳይል መለሰ።

«‹የማቀዝቀዣውን በር ያልገጠምኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ሁላችሁንም ጎዳኋችሁ፤ ይቅር በለኝ› አለችኝ።»

«አንተስ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ አልኳት።»

ግሌን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብራይዲ ተነሥታ የውጭውን በር ከፈተችና ይዛው ቆመች።

«ይሄን ሰው ውሰጂልን» አለቻት ኢርማን። «እኔ በአራት ሰዓት ደሜን ለቫይረሱ ምርመራ ልሰጥ ቀጠሮ አለኝ።»