የስንዱ የችቦ አበባ

ስሙኝማ ልጆች! መስማት የሰለቸው ጆሮውን ለዶሮ ያውስ።

ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረች። ቁመቷ ሦስት ዶሮ ቢደራረብ ነው፤ ድምፅዋ ግን ተራራ ያስነጥሳል።

ስንዱ የምትኖረው ከአያቷ ከአባባ ቢያድግልኝ ጋር ነው። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ በግ ሲያልፍ «እንዴት አደርክ ጎረቤት?» ይሉታል።

ከቤታቸው ጣሪያ ሥር አንድ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ስንዱ ጆሮዋን ለጠፍ ስታደርግ ንቦቹ «ዝዝዝዝዝዝዝ!» ይላሉ።

አንድ ቀን ግን «ዝዝዝ» ብቻ ሆነ።

«አባባ፣ ንቦቹ አነሱ!»

«አዎ የኔ ልጅ። ሜዳው ሁሉ ታረሰ። አበባ ያጣ ንብ ደግሞ ይኮበልላል» አሉ አባባ።

ስንዱ ደነገጠች። አፏን ወደ ቀፎው አስጠግታ «ቆዩ! ቆዩ! አበባ አመጣለሁ!» ብላ ጮኸች።

አባባ ከወንዙ ዳር አንድ ወፍራም ሥር ቆፍረው አመጡ። «ይህ የችቦ አበባ ነው። ከሰው ይረዝማል፤ ላዩ ቀይ፣ ታቹ ቢጫ። ንብ ካየው እናቱን ይረሳል» አሉ።

ስንዱ ሥሩን ከቀፎው ፊት ለፊት ተከለችው። ንቦቹ መንገድ እንዳይደክማቸው ብላ ነው!

ግን እዚያ መሬቱ ደረቅ ነው። እንቁራሪት ብትዘልበት እንኳ አቧራው ያስነጥሳታል።

ቅጠሉ ጠወለገ። ንቦቹም «ዝዝ» አሉ።

«ቆዩ! ቆዩ! አበባ አመጣለሁ!»

አባባ ግንባራቸውን መቱ። «ወይ የኔ ነገር! የችቦ አበባ እኮ እግሩ ካልረጠበ ያኮርፋል!»

ስንዱ ሥሩን ነቅላ ከምንጩ በታች ወዳለው ረግረግ ወሰደችው። «ቦጭረቅ! ቦጭረቅ!» ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት።

ተከለችና ጠበቀች። ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ፣ አንድ ጥርሷ ወልቆ ሌላ በቀለ።

ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። ቅጠል ብቻ!

በሁለተኛው ክረምት ግን ከቅጠሉ መሐል አንድ ዘንግ ብቅ አለ። ስንዱን አለፋት። አባባንም አለፋቸው። ትንሽ ቢቆይ ደመናውን ወግቶ ያፈሰው ነበር!

ጫፉ ላይ ቀይ እንቡጥ ነበረው። ስንዱ ወደ ቀፎው በረረች።

«ቆዩ! ቆዩ! ሁለት ቀን ብቻ!»

በማግስቱ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። በስንዱ መንደር ለበዓል ቤቱ ሁሉ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ቄጠማው የሚታጨደው ደግሞ ከዚያው ከረግረጉ ነው።

አባባ ስንዱን ሊያስደስቷት ፈለጉ። ገና ተኝታ ሳለ ማጭዳቸውን ይዘው ወረዱ። «ከርጭ! ከርጭ! ከርጭ!»

ስንዱ ስትነቃ ቤቱ አረንጓዴ ሆኗል። ዘለለች! ተንከባለለች!

እግሯ ሥር አንድ ወፍራም ነገር ተሰማት። አነሣችው።

ቀይ እንቡጥ ነበር። ተጨፍልቋል።

«አባባ… አበባዬ!»

አባባ እንቡጡን በጣታቸው ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት። «ወይኔ ልጄ… ቄጠማ መስሎኝ… ቄጠማ መስሎኝ ነው።»

ስንዱ አለቀሰች። እንባዋ ወለሉን አጥለቅልቆ አንድ ዶሮና ሁለት ጫማ ይዞ ሄደ። ዶሮዋ ዋኝታ ተመለሰች፤ ጫማዎቹ ግን እስከ ዛሬ የሉም።

ወደ ቀፎው ሄደች። ጆሮዋን ለጠፍ አደረገች።

ጭጭ።

«ቆዩ…» አለች ቀስ ብላ። ማን ይቆይ? ንቦቹ ኮብልለዋል።

ሌላው ቤት ይዘፈናል። እነ ስንዱ ቤት ድፎው ሳይቆረስ ደረቀ።

«ሥሩ እኮ አልሞተም። የችቦ አበባ ቢቆርጡትም ይነሣል» አሉ አባባ።

«አላምንም!» አለች ስንዱ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረች። እውነቱን ልንገራችሁ? አባባ ራሳቸውም አላመኑም።

በጋው ረዘመ። ቀፎው ውስጥ ሸረሪት ገባችበት። ስንዱ ወደ ረግረጉ መውረድ ተወች፤ አባባም ሳቅ ተዉ።

ደግሞ ክረምት መጣ። ዶፉ ወረደ! አንድ ቀን ስንዱ ውኃ ልትቀዳ ምንጩ ጋ ወረደች።

ከጭቃው ውስጥ አንድ ሳይሆን ሦስት ዘንግ ቆሟል!

ስንዱ ግን አልዘለለችም። ፈራች። ለበዓሉ የቀረው አራት ቀን ነው።

በዋዜማው ከሁሉም ቀድማ ወረደች። ጭቃው ውስጥ ገብታ ከዘንጎቹ ፊት እጆቿን ዘርግታ ቆመች።

የመንደሩ ሴቶች ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው እንደ አጥር እንጨት የተተከለችው?» አሉ ጎረቤቷ እትዬ አልጋነሽ። «ዞር በይ እንጂ፣ ቄጠማ እንጨድ!»

«አልዞርም! እትዬ፣ መጀመሪያ እኔን እጨዱኝ!»

«አቤት ምላስ! አንቺን ጎዝጉዘን እንግዳውን ሁሉ ልትነክሺብን?» ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

ስንዱ አልሳቀችም። እንባዋ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ አለ።

እትዬ አልጋነሽ ሳቃቸውን ዋጡ። ሽቅብ እንቡጦቹን አዩ፤ ቁልቁል ልጅቷን አዩ። «በሉ ስሙ!» አሉ። «ከዚህች ልጅ ወዲያ ማንም ማጭዱን እንዳያሳርፍ!»

በዚያ ዓመት የመንደሩ ቄጠማ ሳሳ ያለ ነበር። በዚህ የሞተ ሰው የለም።

በበዓሉ ማግስት አበቦቹ ፈኩ። ስንዱ አባባን እጃቸውን ይዛ አወረደቻቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ጠበቁ። ጠዋቱ አለፈ፤ ማንም አልመጣም። ቀትሩ አለፈ፤ ማንም አልመጣም።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል አንዲት ንብ መጣች።

«አባባ! መጣች!»

«የኛ ናት?»

«አላውቃትም።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ገባች… ወጣች… ፊቷ ቢጫ በቢጫ ሆነ! ወፍጮ ቤት የዋለች ትመስላለች!»

አባባ ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ድዳቸው ሁሉ ታየ። «ነገ እህቶቿን ትጠራ ይሆናል» አሉ።

«ካልጠራችስ?»

«ካልጠራችም እሷ እራቷን በልታለች።»

ስንዱ ይህን ስታስብ፣ ስታስብ፣ አባባ ጭን ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባባ አዘሏት። ዓይናቸው ዳገቱን ባያይም እግራቸው ያውቀዋል።

ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ወደ ቤት ወጡ።