የነፋሱ ፍሬን

መርማሪዋ ስትደርስ አስተማሪው ከድልድዩ ግንብ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ፣ የሴት ሹራብ ፊቱ ላይ ጣል ተደርጎበት ነበር። ብስክሌቱ ራቅ ብሎ ወድቋል፤ የፊት ጎማው እንደተረገጠ ጣሳ ተጨራምቷል። መንገዱ ከላይ ከሻይ ቤቱ ይነሳና በሱቆቹ መሀል ቁልቁል ወርዶ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። አስተማሪው ግን አልታጠፈም።

«ፍጥነት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ የትራፊክ ፖሊሱ። «እነዚህ ብስክሌተኞች በየጠዋቱ ወደ ሥራ ሲሄዱ ይሽቀዳደማሉ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ዛሬ ፍሬኑ አልያዘለትም።»

መርማሪዋ ብስክሌት መንዳት አትችልም፤ ልጅ ሆና አንድ ጊዜ ሞክራ ቁልቋል አጥር ውስጥ ከገባች ወዲህ በዚያው ትታዋለች። ጎንበስ ብላ ግን የፍሬኑን ጎማዎች በጥንቃቄ አየች። አዲስ ናቸው፤ ጠርዛቸው እንኳ አልተበላም። ጣቷን ፍሬኑ በሚይዘው የጎማው ብረት፣ በቸርኬው ላይ ስታሳልፍ ጣቷ አብለጨለጨ። በነጭ ወረቀት ጠረገችው። ወረቀቱ አልጠቆረም፤ ውሃ እንደነካው ብቻ ወዛ።

«ዘይት ነው» አለች ለራሷ። «ቀጭን፣ ንጹሕ ዘይት።»

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የሹራቡ ባለቤት ነርሷ ናት። ሌላው ጸጉሩ ገና መሸበት የጀመረ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሟቹን አንድ እግር ጫማ ደረቱ ላይ አቅፎ እየተንሰቀሰቀ ያለቅሳል።

የእነዚህ ብስክሌተኞች ማኅበር ነገር እንዲህ ነበር። አስተማሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ነርሷና ብስክሌት ጠጋኙ ጎሚስታ ከአንድ ሰፈር ተነስተው በየጠዋቱ አብረው ወደ ከተማው ይወርዳሉ። ሻይ ቤቱ ጋ ቆም ብለው ትንፋሽ ይሰበስቡና እስከ አደባባዩ ይሽቀዳደማሉ፤ ኋላ የቀረው በማግስቱ ሻይ ይጋብዛል። አስተማሪው ሁሌ ስለሚቀድም «ነፋሱ» ተባለ። ልብስ ሰፊው ሁሌ ከእሱ ኋላ ስለማይጠፋ «ጥላው» ሆነ። ነፋሱና ጥላው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ገበታ ያደጉ ናቸው፤ የእናት ልጅ ቢባሉ የሚጠራጠር አልነበረም።

መርማሪዋ መጀመሪያ ነርሷን አነጋገረች።

«ዛሬ ማን ቀድሞ ወረደ?»

«እኔ ነኝ። ነፋሱ ሁልጊዜ ትንሽ ያስቀድመኛል። "ሴት ስለሆንሽ አይደለም፤ ብስክሌትሽ ጡረታ መውጣት ስላለበት ነው" ይለኛል።» ፈገግ ለማለት ሞክራ ተወችው። «ድልድዩን ተሻግሬ ጩኸቱን ሰማሁ። "ዞር በሉ! ፍሬን የለኝም!" ይላል። ዞር ስል ግንቡን መትቷል።»

«ከዚያ በፊት ሻይ ቤት ቆማችሁ ነበር?»

«እኔና እሱ ገብተን ሻይ ጠጣን። ጥላው ብስክሌቶቹን ልጠብቅ ብሎ ደጅ ቀረ። ጎሚስታው ዛሬ አልመጣም፤ ቀድሞ ሱቁን ሊከፍት ሄዷል።»

«ከነፋሱ ጋር ቅያሜ ያለው ሰው አለ?»

«እኔ ራሴ ትናንት "አንድ ቀን አፈር አስግጥሃለሁ" ብዬዋለሁ።» እንባዋ ወረደ። «ቀልዳችን ነው፣ ኢንስፔክተር። ይኸው ነው ሥራችን፤ አንዱ ሲወድቅ መሳቅ። የእኔ ቀሚስ የብስክሌቱ ካቴና ውስጥ ገብቶ መሀል መንገድ ላይ የተተረተረ ጊዜ ወር ሙሉ ሳቁብኝ። ጥላውም በክረምት ውሻ ገባብኝ ብሎ መሪው ተጣሞ፣ መብራቱ ተሰባብሮ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ እንዲሁ ሳቅንበት።»

«እሱም ሳቀ?»

ነርሷ አሰበች። «አይ… እሱ አልሳቀም።»

ልብስ ሰፊውን ያገኘችው በሱቁ ውስጥ ነበር። እጁን ታጥቧል፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ይሞክራል፤ አልሆነለትም።

«ሁልጊዜ ከኋላው አይጠፉም ይባላል። ዛሬስ የት ነበሩ?»

«እድሌ ነዋ! ልንነሳ ስንል ካቴናዬ ወለቀ። "ሂድ፣ እደርስብሃለሁ" አልኩት። ካቴናውን መልሼ ስወርድ ሰው ተሰብስቧል።» መርፌውን አስቀመጠ። «እቅፌ ውስጥ ነው ያለፈው፣ ኢንስፔክተር።»

«ካቴናውን በእጅዎ ነው የመለሱት?»

«በእነዚህ ነዋ! በምን ልመልሰው?» ሁለት እጆቹን ዘረጋላት። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰው አልፈርድም። ግን የብስክሌቱን ፍሬን ትናንት የነካካው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ መልካም ነው።»

የነካካው ጎሚስታው ነበር። ሱቁ በራፍ ላይ ጎማ ሲነፋ አገኘችው። ስታየው ፓምፑን ጥሎ ተነሳ።

«አውቃለሁ! እኔን ነው የሚሉት። አዎ፣ የፍሬኑን ጎማ ትናንት ቀየርኩለት። አዎ፣ ተጣልተን ነበር። ደንበኞቼ ፊት "ሥራህ የለብ ለብ ነው" አለኝ፤ እኔም ተናደድኩ። ግን ሠርቼ ስጨርስ ይቅርታ ጠይቆኛል። ሰው እንዴት በዚህ ሰው ይገድላል?»

«ከዚህ ወደ ቤቱ ነድቶ ሄደ?»

«ነድቶ ነዋ። መታጠፊያው ላይ ሚኒባስ ገባበትና እዚያው ቀጥ አለ። "አየህ፣ ይይዛል!" ብዬ ጮኽኩለት። እጁን አውለበለበልኝ።»

መርማሪዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ሄዳ የሟቹን ልብስ እንዲያሳዩዋት ጠየቀች። ነጭ ሸሚዝ ነበር። ጀርባውና ትከሻው ላይ በደም የታተሙ የጣቶች አሻራዎች በግልጽ ይታያሉ። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተችው። ከደም በቀር ሌላ እድፍ አልነበረበትም።

የቀረችው የሟቹ ሚስት ነበረች። ለቅሶ ቤቱ ጸጥ ሲል መርማሪዋ ጓዳ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

ሚስቲቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ኋላ ግን የታመቀው ገነፈለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አይደል የሚባለው? እሁድ እሁድ ምሳ አስቋጥሮኝ ይወጣ ነበር። ለማን ነው ስለው "ለተቸገረ ሰው" ይለኛል። ማን እንደሆነ አይነግረኝም። ሌላ ሴት ያለችው መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ! በገዛ እጄ ለጣውንቴ ወጥ እየሠራሁ መስሎኝ…»

«ምሳውን በምን ነበር የሚቋጥሩለት?»

«በላስቲክ ሳህን። በብረት ሳህን ሳደርግለት "ይህንን አያስገቡልኝም" ብሎ ገለበጠው።» እንባዋን ጠረገች። «ባለፈው እሁድ ግን ፊቱ በርቶ መጣ። "በዚህ ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ ሁሉንም እነግርሻለሁ" አለኝ።»

የብረት ዕቃ የማይገባበት፣ ሰውም በእሁድ የሚጠየቅበት ቦታ መርማሪዋ አላጣችውም። በማግስቱ ወህኒ ቤት ሄደች። አስተማሪው ሲጠይቀው የነበረው ሰው ጋሪ ገፊ ነበር፤ በክረምት አንዲት አሮጊት በጋሪ ገጭተህ ገድለሃል ተብሎ የተፈረደበት። መርማሪዋ ከእሱ ጋር ተነጋግራ ስትወጣ በር ላይ ቆማ መሐረቧን አወጣች፤ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይታለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ብዙ ጊዜ አልገጠማትም።

ከቀብሩ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነርሷ፣ ጎሚስታው፣ ጥላውና ጥቁር የለበሰችው ሚስት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ባለሻይ ቤቷ ባንኮኒዋ ላይ ተደግፋለች። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል።

«ነፋሱን የገደለው ፍጥነት አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ሰው ነው። ሁለቱም ቸርኬዎች ዘይት ተቀብተዋል።»

ሁሉም ወደ ጎሚስታው ዞሩ። ጎሚስታው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ተቀመጥ፣ አንተ አይደለህም» አለችው። «ዘይቱ የተቀባው ሱቅህ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ነፋሱ ሚኒባሱ ሲገባበት መቆም ባልቻለ። ጠዋትም ከቤቱ ተነስቶ፣ የትራፊክ መብራቶቹን አልፎ እዚህ በር ላይ በደህና ቆሟል። ከዚህ ሲነሳ ግን ፍሬን አልነበረውም። ስለዚህ ዘይቱ የተቀባው እዚሁ፣ እሱ ሻይ ሲጠጣ ነው።»

«እኔ አብሬው ውስጥ ነበርኩ» አለች ነርሷ፤ ድምጿ ወረደ። ቀስ ብላ ወደ ጥላው ዞረች። «ደጅ የነበረው…»

«ብስክሌት ስጠብቅ ነበርና ገዳይ ልባል?» አለ ጥላው። «አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያልፍበት ደጅ ነው! እኔ ካቴናዬን ስታገል ማን እንደመጣ ምን አውቃለሁ?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነበር። ካቴናው በእርግጥ ወልቆ ነበር?»

«ወልቆ ነበር አልኩ እኮ!»

«ጎሚስታ፣ እስኪ እጅህን አሳያቸው።»

ጎሚስታው እንደ አይናፋር ልጃገረድ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አወጣ። ለቀብር ብሎ በሳሙና ሲፈትገው የሰነበተ እጅ ነው፤ ጥፍሮቹ ዙሪያ ግን አሁንም ጥቁር ነበር።

«ካቴና የነካ እጅ ይህን ይመስላል» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ካቴናውን በእጅዎ መልሰው ወዲያው ወረዱ፤ ወርደውም ሟቹን አቀፉት። ነጭ ሸሚዙ ላይ የጣቶችዎ አሻራ በደም ታትሟል። ደም ብቻ ነው። አንድ ነጠብጣብ የካቴና ግራሶ የለበትም።»

«ታጥቤያለሁ…»

«የት ታጠብክ?» አለች ባለሻይ ቤቷ ከባንኮኒው። «ቧንቧው ያለው እዚህ ውስጥ ነው። አንተ ደግሞ ያን ዕለት እግርህ ይህን ደጃፍ አልረገጠም።»

 ጥላው ከንፈሩን ላሰ።

«ካቴናው አልወለቀም» አለች መርማሪዋ። «ግን በየቀኑ ከነፋሱ ጎማ ሥር የማይጠፉት ሰው ያን ዕለት ኋላ መቅረት ነበረብዎ። ሲወድቅ ላለማየት። ዘይቱም እንደ ውሃ የጠራ፣ የስፌት መኪና የሚቀቡት ዓይነት ነው።»

«ለምን?» አለ ጥላው። ጮክ ሊል ፈልጎ ነበር፤ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። «ወንድሜን ለምን ብዬ?»

መርማሪዋ ወደ ነርሷ ዞረች። «ጥላው መሪው ተጣሞ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ የመጣው መቼ ነበር?»

«በክረምት። ቀኑን አልረሳውም፤ ተረኛ ነበርኩ። በጋሪ ተገጩ የተባሉት አሮጊት የገቡት…» ነርሷ ቃሏን ሳትጨርስ አፏን በእጇ ያዘች። «አምላኬ! ውሻ አልነበረም።»

«ውሻ አልነበረም። አሮጊቷን በብስክሌት ገጭተው የሸሹት እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ ወደ ጥላው ዞራ። «ጋሪ ገፊው ወድቀው አግኝቶ ያነሳቸው ደግ ሰው ነው። ለደግነቱ የተከፈለው እስር ሆነ። እርስዎ ለነፋሱ ነገሩት፤ ሚስጥር እንዲጠብቅም አስማሉት። ጠበቀም። ግን እህል ውሃ አልወርድለት አለ፤ በየእሁዱም ለእስረኛው ምሳ መውሰድ ጀመረ።»

ሚስቲቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስትጠረጥረው የከረመችው ባሏ አሁን ሁለተኛ ጊዜ የሞተባት መሰለ።

ጥላው ጠረጴዛውን በጡጫው መታው። «ከዳኝ! ለፖሊስ ሊሰጠኝ ነበር! "በዚህ ሳምንት እንሂድ" አለኝ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን በአንድ ጋሪ ገፊ ለወጠኝ! የከዳኝ እሱ ነው! ልጆች አሉኝ እኮ፣ ልጆች አሉኝ!»

መርማሪዋ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ስትናገር ድምጿ ለስልሶ ነበር፤ አንቱታው ግን ቀርቷል።

«ነፋሱ ለእስረኛው ምን እንዳለው ልንገርህ። "ያደረገው ሰው ጓደኛዬ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፈርቶ ነው። በራሱ እግር ይመጣል፤ እኔም ችሎት ፊት ከጎኑ እቆማለሁ።" እስረኛው "እሺ ባይመጣስ?" ብሎ ጠየቀው። "አታውቀውም፤ ይመጣል" አለው።»

«ስሜን… ስሜን አልነገረውም?»

«አልነገረውም። ለሚስቱም አልነገረም። ዝም ብለህ ብትቀር ኖሮ አሳልፎ አይሰጥህም ነበር። ያቺን ቁልቁለት ሲወርድ እንኳ ከኋላዬ እየመጣ ነው ብሎ ነው።»

የጥላው ፊት ከሥር እንደተናደ ግድግዳ ወረደ። ነርሷ ድንገት ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። ጎሚስታው ጥቁር እጆቹን እያየ «እኔን እኮ እንድትጠረጥሩ ነው የላካችሁ… ከእሱ ጋር ሬሳ ተሸክሜያለሁ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ግን የሚያውቅ አይመስልም።

ፖሊሱ ጥላውን ክንዱን ይዞ አስነሳው። በሚስቲቱ አጠገብ ሲያልፍ ቆመ።

«እህቴ…»

ሚስቲቱ ቀና ብላ አየችው። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም።

«ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት ይመጣል» አለችው። «አባቴን ማን ገደለው ብሎ ይጠይቀኛል። ምን ብዬ ልንገረው? አፉን ከፈታ ጀምሮ "አጎቴ" ነው የሚልህ። ሌላ ስምህን አላስተማርነውም።»

ጥላው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።  ፖሊሱ ወደ በሩ ሲወስደው ሚስቲቱ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ከኋላው እያየችው ቀረች።