የቀትር ውሃ

ሯጩ መሃድ ሆስፒታል የደረሰው በባጃጅ ነበር። ከባጃጁ ሲያወርዱት ግን ሞቷል። ሰማታርና ጅብሪል የሚባሉት ሁለት ባጃጅ ነጂዎች ከደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ላይ ወድቆ አገኘነው፣ ነፍሱ ነበረች፣ አንስተን መጣን አሉ። በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው ያየው ሌላ ነው፤ በደም የራሰ ወንበር፣ ደም የነካው እጅ፣ በየሻይ ቤቱ ፎቶው የተሰቀለለት ልጅ ሬሳ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባጃጁ ተቃጠለ።

ወራት አልፈው ዛሬ ዳኛው በሁለቱ ነጂዎች ላይ የቀረበውን የግድያ ክስ አነበቡና የእምነት ክህደት ቃላቸውን ጠየቁ።

«ድርጊቱን አልፈጸምኩም። ጥፋተኛ አይደለሁም» አለ ሰማታር። ይህን ሲናገር ዐይኑ ወደ ዳኛው ሳይሆን ከፊት ወንበር ወደተቀመጠችው ወደ መሃድ እህት፣ ወደ ዳሃቦ ነበር። ጅብሪልም ያንኑ ደገመ።

ቃሉ ከችሎቱ ወደ ግቢው ወጣ፤ ከግቢውም መልስ መጣ። ጩኸት አልነበረም። ደጋው ላይ ዝናብ ጥሎ ጎርፉ ከተማው ሳይደርስ ከሩቅ የሚሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ነበር።

«ሰማህ? አልገደልንም አሉ!»

«አቦ ታዲያ ምን ሊሉ ነው? ገደልን፣ አይደገምም ሊሉ?»

«ወላሂ ለኛ ይስጡን። ጠበቃ ምን ያደርጋል?»

የሰማታር እናት ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ አጥሩ ጥግ ቆማለች። አንዱ አወቃትና ለጎረቤቱ ሹክ አለው። ወዲያው ዙሪያዋ ባዶ ሆነ።

ዋና ኢንስፔክተር በለጠች ይህን ሁሉ ከደረጃው ላይ አየች። የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። የክሱ መዝገብ የወጣው ከእሷ ቢሮ ነው፤ ያኔ ሕዝቡ በር ላይ ቆሞ ስለነበር ቶሎ ተዘጋ። ያ ልጅ እህትየዋን ለምን አያት? የሚዋሽ ሰው የሟችን እህት ይሸሻል። ወይስ አይሸሽም? በለጠች እርግጠኛ አልነበረችም። እርግጠኛ አለመሆኗ እንደ ጠጠር ጫማዋ ውስጥ ገብቶ ሆስፒታል ድረስ አብሯት ሄደ።

«ከኋላ ጭንቅላቱ ጠንካራ ነገር ላይ አርፏል» አላት አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም። «ይህንን ጽፌያለሁ። አፍንጫውና ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ እንዳለም ጽፌያለሁ።»

«አሸዋ?»

«ደረቅ አሸዋ። የሞተ ሰው አሸዋ አይስብም፣ ኢንስፔክተር። ደቻቱ ውስጥ ሲጣል ይተነፍስ ነበር።»

«ልጆቹ ነፍሱ ነበረች ያሉት እውነት ነዋ።»

«እኔን የጠየቀኝ አልነበረም» አለ ሐኪሙ።

ከኤግዚቢት ክፍል የመሃድን የሩጫ ጫማ አስወጣች። ሶሉ ንጹሕ ነው፤ ጥርሶቹ መሀል አሸዋ እንጂ ሌላ የለም። ከተረከዙ በስተኋላ ግን በሁለቱም ጫማ ላይ ጭቃ ደርቋል። በጥፍሯ ፋቅ አደረገችው። በዚያ ወር ድሬዳዋ ላይ አንድ ጠብታ ዝናብ አልጣለም።

ዳሃቦን ቤቷ አገኘቻት።

«አንቺ ደግሞ ምን ቀረሽ?» አለቻት ዳሃቦ። «ይዘሻቸዋል፤ ፍረዱባቸው በቃ!»

«ወንድምሽ በመጨረሻው ሰሞን እንዴት ነበር?»

ዳሃቦ ቀስ ብላ «በዚህ ሙቀት ሙሉ እጅጌ ይለብስ ነበር» አለች። «ክንድህን አሳየኝ ብለው ተቆጣኝ። ያን ቀን ጠዋት ደውሎ ‹ዳሃቦ፣ የምሮጠው በሰው እግር ነው፤ ዛሬ እመልስለታለሁ› አለኝ። አልገባኝም። ቀልድ መሰለኝ።»

«ለማን ነው የሚመልሰው?»

«አላለኝም።»

መሃድ የሚኖረው ከዚራ፣ ለሯጮች በተከራየ አሮጌ የባቡር ዘመን ቪላ ውስጥ ነበር። አብረውት የሚኖሩት የልምምድ ጓደኛው ዐብዲፈታሕና አሰልጣኙ ኒቆዲሞስ ናቸው። ግቢው ውስጥ የሯጮቹ ካምፕ ፒክአፕ መኪና ቆሟል። ምግብ የምታበስለው አዴ ቱሪያ ጠዋት ውሃ ሞልታ ትሄድና ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች።

«አንተ ያን ቀን ስታዲየም ብቻህን ታይተሃል» አለች በለጠች ለዐብዲፈታሕ። «ማንም ሳይመጣ። ለምን?»

ልጁ አንገቱን አከከ። «አቦ፣ እኔም አልገባኝም። ጓዳ ቬንትሌተሩ ሥር ተኝቼ ነበር። የራሰ አፈር ሸተተኝ። መሽቷል፣ ልምምድ አመለጠኝ ብዬ ብድግ አልኩ። ጫማዬን እንኳ ሳላስር በጓሮ በር ሮጥኩ። ስታዲየም ስደርስ ፀሐይዋ አናቴ ላይ ናት! ዘበኛው ሳቀብኝ። ሰው ሁሉ ተኝቷል።»

«ሽታው ከየት መጣ?»

«ከፊት ለፊት ደጃፍ ነዋ። አዴ ቱሪያ በየቀኑ ታጠጣው የለ?»

ቱሪያን ማድ ቤት አገኘቻት።

«ያን ቀን አላጠጣሁም» አለች ቱሪያ ሽንኩርቷን ሳታቆም። «ምን ላጠጣ? የዐስርን፣ የከሰዓቱን ሶላቴን ሰግጄ ስመጣ በርሜሉ ባዶ። ቧንቧው የሚመጣው በፈረቃ ነው። ጠዋት እስከ አፉ ሞልቼው የሄድኩትን ማን ጨረሰው ብዬ ጮህኩ። ከዚያ የልጁ መርዶ መጣ፤ በርሜሉም ተረሳ።»

«ለማንም አልተናገርሽም?»

«ሰው ሞቶ ስለ በርሜል ላውራ? ዕብድ ነኝ? አንቺስ ብትሆኚ ታወሪያለሽ?»

አሰልጣኝ ኒቆዲሞስ በረንዳው ላይ ተቀበላት። ከደጋ መጥቶ ድሬዳዋ ዓመታት ቢቆይም ማንንም በአንቱታ ማነጋገር አልተወም። ደረቱ ላይ የመሃድ ፎቶ የታተመበት ቲሸርት ለብሷል።

«ሕዝቡ ቁጣው ልክ ነው፣ ኢንስፔክተር። እነዚያ ልጆች አልፈጸምንም ሲሉ ሰምተዋል አይደል? ያማል።»

«ያማል። ያን ቀን እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከተማ ውስጥ ስዞር ቆይቼ ከሰዓት ለልምምድ ልብስ ልቀይር ብቅ አልኩ። ቱሪያ እንደ ወትሮዋ ደጃፉን ታጠጣ ነበር። ሰላም ብያት ወደ ስታዲየም ሄድኩ። መርዶው እዚያ ደረሰኝ።»

«ሰላም አሏት?»

«በእጄ። ባልዲ ይዛ ነበር።»

በለጠች አመስግናው ወጣች። በማግስቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዛ ተመለሰችና የደጃፉን የድንጋይ እርከን አስነሳች።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሁሉንም በቀትር ቪላው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ሰማታርና ጅብሪል በካቴና ነበሩ፤ ዳሃቦ ከእነሱ ርቃ ቆመች። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ድሬዳዋ በዚያ ሰዓት በሯን ዘግታ ትተኛለች።

«ቱሪያ፣ እስቲ ደጃፉን አጠጪልኝ።»

«አሁን? በዚህ ፀሐይ? አቦ፣ ውሃው አያሳዝንሽም?»

«አንድ ባልዲ ብቻ።»

ቱሪያ እያጉረመረመች ደፋችው። የራሰ አፈር ሽታ ግቢውን ሞላው። ዐብዲፈታሕ ቀና አለ። «እንዲህ ነበር» አለ። «ልክ እንዲህ።»

«ይህ ሽታ በዚህ ከተማ ሰዓት ነው» አለች በለጠች። «ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ደጃፍ የሚያጠጣ የለም፤ ከዐስር አዛን በኋላ ነው። ስለዚህ ዐብዲፈታሕ በእንቅልፍ ልቡ መሽቷል ብሎ ተነሳ። ያን ቀን በቀትር ይህን ደጃፍ ያጠጣ ሰው አለ ማለት ነው፤ በርሜሉን የጨረሰውም እሱ ነው።»

«አዴ ቱሪያ አይደለችም?» አለች ዳሃቦ።

«እሷ ከሶላት በኋላ ስትመጣ በርሜሉ ባዶ ነበር። መሃድ ደግሞ በደረቅ ወር፣ ከደረቅ አሸዋ ላይ ነው የተነሳው፤ ጫማው ላይ ግን ጭቃ አለ። ሶሉ ላይ ቢሆን ረግጦት ነው እል ነበር። ጭቃው ያለው ከተረከዙ በስተኋላ ብቻ ነው። ብብቱን ይዘው ወደኋላ ሲጎትቱት ተረከዙ የራሰውን መሬት አረሰው። መሃድ እርከኑ ላይ ወደቀ፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ደሙ በውሃ ታጠበ፤ ከዚያ እሱ ተጎትቶ መኪና ላይ ተጫነ። የታጠበው ደም ግን አልጠፋም፤ ከድንጋዩ ሥር ወርዶ ተቀመጠ። ያስነሳሁት ለዚህ ነው። የመሃድ ደም ነው።»

የተደፋው ውሃ ዳር ዳሩን እየደረቀ ነበር።

«ዐብዲፈታሕ መኪና መንዳት አይችልም፤ ያጠጣው እሱ ቢሆን ደግሞ ስለ ሽታው አይነግረኝም ነበር። የካምፑ ፒክአፕ ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው።» ወደ ኒቆዲሞስ ዞረች። «እርስዎ በየቀኑ ደጃፉ በሚጠጣበት ሰዓት ስታዲየም ነዎት። ማታ ሲመለሱ እርጥብ ሆኖ ያገኙታል እንጂ መቼ እንደሚጠጣ አይተው አያውቁም። እርጥብ ደጃፍ እዚህ ማንንም አያስገርምም ብለው አሰቡ። እውነትም አያስገርምም፤ በሰዓቱ ከሆነ። ከዚያ ያን ቀን ባዶ በርሜል አጠገብ የቆመችውን ሴት ስታጠጣ አየሁ፣ ሰላምም አልኳት አሉኝ።»

«ወላሂ ሰላም አላለኝም!» አለች ቱሪያ።

«ቀን ተሳስቼ ይሆናል» አለ ኒቆዲሞስ። «ልጄ ነበር። ለምን እገድለዋለሁ?»

«ሐኪሙ የመሃድን እጅጌ ሲገልጥ ክንዱ በመርፌ ተበሳስቶ አገኘው። ደሙ ውስጥ ሯጭ የማይፈቀድለት መድኃኒት ተገኝቷል። የእርስዎ ክፍልም ትናንት ተፈትሿል፤ ያው መድኃኒት እዚያ አለ። መሃድ መድኃኒቱን ሊመልስልዎት መጣ። ሊናገርም ነበር።»

ዳሃቦ አፏን በእጇ ያዘች። «በሰው እግር» አለች።

በለጠች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ግን አያውቁም። ደቻቱ ሲጥሉት ይተነፍስ ነበር። አሸዋውን ስቦታል። ሆስፒታሉ ከዚህ ሩቅ አይደለም።»

«አይሆንም» አለ ኒቆዲሞስ። «ገፋሁት እንጂ... እጁን ይዤ አይቻለሁ። ሞቷል ብዬ ነው።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማው።

«ነግረናችኋል» አለ ሰማታር። የሚያናግረው ዳሃቦን ብቻ ነበር። «በመንገድ ላይ እጄን ጨብጦኝ ነበር። ያን ልነግርሽ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ።»

ዳሃቦ ወደ እሱ ሄደች። በካቴና የታሰረውን እጁን ይዛ አየችው፤ ወንድሟ የጨበጠውን እጅ።

ሳምንታት አለፉ። ሰማታርና ጅብሪል ተፈቱ፤ ባጃጁን ያቃጠለው ግን አልታወቀም፤ ማንም አላየሁም አለ። ያው ችሎት፣ ያው ዳኛ፣ ኒቆዲሞስን የእምነት ክህደት ቃሉን ጠየቁት።

«ድርጊቱን አልፈጸምኩም።»

ያ ጉርምርምታ ከግቢው ተመልሶ መጣ። በለጠች ደረጃው ላይ ቆማ አዳመጠችው፤ ከፊተኛው አልለይልሽ አላት። የዚህኛው ሰው ጥፋት ማስረጃ በእጇ ነው፤ ድምፁ ግን ይህን አያውቅም። ያኔም አያውቅም ነበር።

«አልፈጸምኩም ይላል እንዴ! ለኛ ይስጡን!»

«የሰማታር እናት መጣች! አሳልፏት፣ ከፊት ትቁም!»

ሰዉ ተከፍሎ መንገድ ሰጣት። አንዱ እጇን ይዞ ወደ በሩ አቀረባት። «በይ እናቴ፣ አንቺ ጩኺበት። ካንቺ በላይ ማን አለ?»

ሴትየዋ ሻሿን ከፊቷ አነሳች። በአንድ ወቅት ዙሪያዋን ባዶ ያደረገባትን ሕዝብ አንድ በአንድ አየችው።

«ዝም በሉ» አለች። «ዳኛው ይስሙት መጀመሪያ።»